ባዛሩን ዴልሂ ለማስመሰል አትድከሚ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለንደን ነው የምኖረው። የሐበሻ ሠርግና የልደት ዲኮር እሠራለሁ። ሌስተር ከተማ ውስጥ አንድ የድሮ የሹራብ ፋብሪካ የያዙ ሰዎች በመኸር ወራት የደቡብ እስያ የእጅ ባለሙያዎች የሚቀርቡበት የሁለት ቀን ባዛር እንዳዘጋጅ ቀጥረውኛል። 40 ቡዝ አስቤያለሁ። መግቢያው ላይ የታጅ ማሃል ቅርጽ ያለው በር፣ ጣሪያው ላይ ሳሪ በሳሪ፣ ሁለት ትልልቅ የፎም ዝሆኖች፣ የቦሊውድ ሙዚቃ ይኖራል። ከበጀቱ ከግማሽ በላዩ ለዲኮር ነው የተያዘው። ሰው በሩን ሲያልፍ ዴልሂ የገባ እንዲመስለው ሌላ ምን ልጨምር? ደግሞስ ሐበሻ ሆኜ ይህን መሥራቴ ያስወቅሰኛል ይላሉ?»

ምንም አትጨምሪ። ቀንሺ። ያሰብሽው ለአንድ ምሽት ሠርግ ያምራል። ለባዛር ግን ገንዘቡን ይበላል፣ የሰውንም ዓይን ከዕቃው ላይ ይነጥቃል። እንግዳው ከዝሆኑ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ አንዴ ይዞራል፣ ሻይ ጠጥቶ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ያመጡትን ጨርቅ መልሰው አጣጥፈው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ስትደውዪላቸው ስልክ አያነሱልሽም።

በመጀመሪያ ዴልሂን እንተዋት። ሌስተር ስትሄጂ ቤልግሬቭ ሮድን በእግርሽ ውጪው ውረጂው። «ወርቃማው ማይል» የሚሉት ነው። የሳሪ፣ የወርቅና የጣፋጭ ሱቆች የተደረደሩበት መንገድ ነው። የብዙዎቹ ባለሱቆች ዘር የሚመዘዘው ከጉጃራት ነው። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ከህንድ በቀጥታ አልመጣም፤ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ነው የመጣው። በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኢዲ አሚን እስያውያንን በ90 ቀን ከኡጋንዳ ውጡ ሲላቸው 28 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ብሪታንያ ገቡ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት በኡጋንዳ ጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ ወደ እኛ አትምጡ ብሏቸው ነበር። ብዙዎቹ ግን መጡ። ዛሬ ያ መንገድ የከተማዋ መታወቂያ ነው። እነዚህ ሰዎች ካሳቫ ጠብሰው በሚጥሚጣ ይበላሉ፤ «ሞጎ» ይሉታል፣ ስሙም ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ለእነሱ የታጅ ማሃል በር ማቆም ሐበሻ ሁሉ የላሊበላ ልጅ ነው ብሎ ከካርቶን ቤተ ጊዮርጊስ እንደ መሥራት ነው። አይናደዱብሽም። ይስቁብሻል።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይከብዳል። ሰውን የሚመስጠው ግድግዳው ላይ የሰቀልሽው ይመስልሻል። የሚመስጠው ሲሠራ የሚያየው ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በኢንዲጎ (ሰማያዊ ማቅለሚያ ነው) የሚነከር ጨርቅ ከመንከሪያው ጋን ሲወጣ ሰማያዊ አይደለም። ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው። ባለሙያው ዘርግቶ ሲይዘው ከጫፉ ጀምሮ መልኩ ይለወጣል። አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዓይንሽ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ነገሩ ኬሚስትሪ ነው። ኢንዲጎ በተፈጥሮው ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ጋኑ ውስጥ ኦክስጅን ሲነፈገው ይሟሟና ክሩ ውስጥ ይገባል። አየር ሲያገኝ ወደ ቀድሞው ይመለስና እዚያው ክሩ ላይ ይቀራል። ይህን እያየ ስልኩን የሚነካካ ሰው አላጋጠመኝም። ሕፃኑም አዛውንቱም ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ «ይሄ ስንት ነው?» ይላል። ባዛር ማለት ይቺ ጥያቄ ናት።

ስለዚህ የአዳራሹን መሀል ለሦስት ሠሪዎች ልቀቂላቸው። ቀሪው ቡዝ በዙሪያቸው ይሁን። አንዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ የድሮ የጨርቅ ሱቅ አሠራርን አምጪ። በህንድና በፓኪስታን የቆዩ የጨርቅ ሱቆች ውስጥ ዝቅ ያለ መድረክ አለ፤ ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎበት ነጭ አንሶላ ይለብሳል። ሻጩ ባዶ እግሩን እዚያ ላይ ይቀመጣል። ደንበኛዋም ጫማዋን አውልቃ ትቀመጣለች። ሻይ ይመጣል። ሻጩ አንዱን ሳሪ ይወረውረዋል፣ ጨርቁ ነጩ ላይ ይዘረጋል። በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ። ሳትገዢ ለመነሳት ኅሊና አይፈቅድልሽም። ፍራሽ፣ አንሶላና አንድ ጥሩ ሻጭ በቂ ነው። ከሁለት ዝሆን ይረክሳል፣ ይሸጣልም።

መብራት ላይ አትሰስቺ። ርካሽ ኤል.ኢ.ዲ ቀይን ያጠፋዋል፣ በተፈጥሮ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ደግሞ አመድ ያስመስለዋል። አምፖል ስትከራዪ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው (CRI) ከ90 በላይ የሆነውን ጠይቂ። ሳሪዎቹን ከጣሪያው አውርጂያቸው። ስድስት ሜትር ገደማ የሆነ የሐር ሥራ መጋረጃ ስታደርጊው ሰው እንደ መጋረጃ ያየዋል፤ ዋጋውንም እንደ መጋረጃ ይገምታል።

አሁን ወደ 40 ቡዝሽ። ደቡብ እስያ ስንል ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል፣ ቡታን፣ ስሪላንካ፣ ማልዲቭስ፣ ብዙ ጊዜም አፍጋኒስታን ነው። ሁሉንም በሁለት ቀን ላሳይ ካልሽ ማንንም አታሳዪም። ህንዶች ራሳቸው ይህን ዱሮ አውቀውታል። ከ1987 ጀምሮ በዴልሂ አጠገብ የሚካሄደው የሱራጅኩንድ ሜላ የሚባል የእጅ ሥራ ባዛር በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ክልል መርጦ ያጎላል። በ1994 ዴልሂ ላይ የተከፈተው ዲሊ ሃት የሚባል የእጅ ሥራ ገበያ ደግሞ ቡዞቹን በዙር እየቀያየረ ለባለሙያዎች ይሰጣል። አንቺም አንድ ክር ያዢ። የእኔ ምርጫ ጨርቅ ነው። ቤቱ የሹራብ ፋብሪካ ነበረ፤ ሌስተርም በሹራብና በካልሲ የቆመች ከተማ ናት። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አታገኚም። ከ20 ቡዝ አትለፊ።

ጨርቅ ብቻውን ስንት አገር እንደሚያሳይሽ ተመልከቺ። አጅራክ በእንጨት ማኅተም የሚታተም ሰማያዊና ቀይ ጨርቅ ነው፤ በጉጃራቷ ኩችም በፓኪስታኗ ሲንድም ይሠራል። ጃምዳኒ የሚባለው ባለ አበባ ሽመና የባንግላዴሽ ነው፤ ዩኔስኮ በ2013 መዝግቦታል። ፉልካሪ ጥልፍ የህንዱም የፓኪስታኑም ፑንጃብ ነው። ኔፓል ለባርኔጣና ለሻል የሚሆን «ዳካ» የሚሉት ሽመና አላት። ስሪላንካ ጎል አካባቢ በእጅ የሚሠራ ዳንቴል አላት። የህንድና የፓኪስታን ድንበር በ1947 ተሰመረ፤ ጥልፉ ግን ድንበሩን አልሰማም። ይህን ግድግዳ ላይ መጻፍ አያስፈልግሽም። ከፓኪስታኗ ላሆር የመጣ ፉልካሪና ከህንዷ አምሪትሳር የመጣ ፉልካሪ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ሰው ራሱ ያነበዋል።

አንድ ነገር ግን ቃል እንዳትገቢ። «አጅራክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ» ብለሽ ፖስተር ላይ አትጻፊ። አጅራክ ከደርዘን በላይ ደረጃ አለው። ይታጠባል፣ ይነከራል፣ በኖራና በሙጫ ይታተማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እንደገና ይታጠባል። ቀናት ይፈጃል፣ ከሁሉ በላይ ወራጅ ውኃ ይፈልጋል። በኩች ዳማድካ የሚባለው የአታሚዎች መንደር ውኃው ሲነጥፍ፣ በላዩም የ2001 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት፣ ብዙዎቹ ተነሥተው አጅራክፑር የሚባል አዲስ መንደር መሠረቱ። ውኃ ፍለጋ መንደር ያስለቀቀ ሥራ ሌስተር ፋብሪካ ውስጥ በሁለት ቀን አይጠናቀቅም። ሁለት ደረጃ አሳዪ፦ ማተሙንና ኢንዲጎ መንከሩን። አታሚው ማኅተሙን አስተካክሎ ያስቀምጥና ጀርባውን በመዳፉ ተረከዝ ይመታዋል። የዚያ ድብ ድብ ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል። የቦሊውድ ሙዚቃውን ያኔ ራስሽ ትዘጊዋለሽ። የተቀዳ ሙዚቃ ለሕዝብ ማሰማት በብሪታንያ ለብቻው ፈቃድ የሚከፈልበት ነገር መሆኑንም አትርሺ። ሙዚቃ ካስፈለገ በተወሰነ ሰዓት አንድ የታብላ (የእጅ ከበሮ) ተጫዋች ይበቃል።

የነከርሽበትን ውኃ መንገድ ላይ ወዳለው ፍሳሽ እንዳትደፊ። ጋኑ ውስጥ ኖራ ወይም ሶዳ አለ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ጓንት፣ ገመድ፣ ክፍት መስኮት ያስፈልጋል። ሕፃናት አንድ ሜትር ይራቁ።

ሻጮቹን ስትመርጪ ትልቁ ችግር የፋብሪካ ቅጂ ነው። ይህን ለአንቺ ማስረዳት አይከብድም። ማሽን ያተመው ጥበብ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ምን እንደደረሰበት ታውቂያለሽ። እዚያም ያው ነው። ስለዚህ ጨርቁን ገልብጪው። በእጅ የታተመ ጨርቅ ላይ ማኅተም ከማኅተም የሚጋጠምበት ቦታ ትንሽ ይዛነፋል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድም ዝንፍ ከሌለው ተጠራጠሪ። ፉልካሪ የሚጠለፈው ከጀርባው ክር እየተቆጠረ ነው፤ ጀርባው የተዝረከረከ ከሆነ ጠይቂ። ጃምዳኒ ላይ አበባው የሚገባው በሽመናው መሀል፣ ተጨማሪ ማግ በእጅ እየተሰካ ነው። የእኛም ጥበብ እንዲሁ ነው። «ፓሽሚና» (ከለስላሳ የፍየል ጸጉር የሚሠራ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ሻል አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ማን ሠራው፣ የት፣ የሥራ ቦታውን ፎቶ ላኪልኝ በያቸው። ሠሪዋ በደስታ ትልካለች። ነጋዴው ወሬ ያበዛል።

ጨርሶ እንዳይገባ የምትከለክዪው ነገርም አለ። ሻህቱሽ የሚባለው ሻል ከቲቤት አንቴሎፕ ጸጉር ነው የሚሠራው፤ እንስሳው የሚገኘው ተገድሎ ነው፣ ዓለም አቀፍ ንግዱም የተከለከለ ነው። የፒኮክ ላባ ከህንድ መውጣት አይፈቀድም። ሂና የምትቀባ ሴት ካመጣሽ «ጥቁር ሂና» እንዳትይዝ አስፈርሚያት። ንጹሕ ሂና ጥቁር አይሆንም። ጥቁር የሚያደርገው የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ነው፤ ቆዳ ላይ መቀባቱ በብሪታንያ ሕገ ወጥ ነው። ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ የሚተው ኬሚካል ነው።

ምልክቶችን በጥንቃቄ ያዢ። የአማልክት ሥዕል መሬት ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ወይም ሽንት ቤት አጠገብ አይቀመጥም። የቁርኣን ጽሑፍም እንዲሁ። የዲዋሊ (የሂንዱዎች የብርሃን በዓል) የወለል ሥዕል ውስጥ ስዋስቲካ ሊኖር ይችላል፤ ለሂንዱውና ለጄይኑ (ሌላ የህንድ ሃይማኖት ተከታይ ነው) የበረከት ምልክት ነው፣ አውሮፓዊው እንግዳ ግን ሌላ ነገር ያያል። ወይ አጠገቡ አጭር ማብራሪያ አድርጊ፣ ወይ ሌላ ንድፍ ምረጪ። ባንዲራ አትስቀዪ፣ የማንንም። በነሐሴና በመስከረም 2022 ሌስተር ውስጥ ከህንድና ፓኪስታን የክሪኬት ግጥሚያ በኋላ በሂንዱና በሙስሊም ወጣቶች መካከል ግጭት ነበር። ነዋሪው ረስቶታል ብለሽ አታስቢ። ሁሉንም ዕቃ «የህንድ» ብለሽ መሰየምም ከዚሁ አይለይም። መለያው ላይ የሠሪውን ስም፣ መንደሩንና አገሩን ጻፊ። በቃ።

የቀኑ ምርጫ ላይ ብዙ የውጭ አዘጋጅ ይስታል። ዲዋሊ ነው ብሎ በዲዋሊ ሳምንት ይጠራል። ያን ጊዜ ባለሙያው ሌላ ቦታ እየሸጠ ነው፣ ገዢውም ቤቱን እያጸዳ ነው። ሌላው ደግሞ ናቭራትሪ ከሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል በፊት ያደርገዋል። ያ ከዚህም ይብሳል። ከናቭራትሪ በፊት ያለው ሁለት ሳምንት የሙታን አባቶች መታሰቢያ ነው፤ ብዙ ሂንዱ በእነዚያ ቀናት አዲስ ልብስ አይገዛም። ናቭራትሪ ላይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራ ነው። ትክክለኛው ጊዜ ናቭራትሪ አልቆ ዲዋሊ እስኪደርስ ባለው ሃያ ቀን ገደማ ውስጥ ነው። ሰው የሚሸምተው ያን ጊዜ ነው። የቤልግሬቭ ሮድ የዲዋሊ መብራት የሚበራበት ቀን ላይ ግን አትግጠሚ፤ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ ሰው የሚፈራውንና ሊፈራው የሚገባውን ያቀያይራል። መጠጥ ካልሸጥሽ፣ ትልቅ ኮንሰርት ካላደረግሽ፣ ሌሊት ትኩስ ምግብ ካላቀረብሽ «ጊዜያዊ የዝግጅት ማስታወቂያ» የሚሉት ነገር ላያስፈልግሽ ይችላል። ካስፈለገሽ ክፍያው 21 ፓውንድ ነው፣ ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ቀድሞ ይገባል፣ በአንድ ጊዜ ከ499 ሰው በላይ ማስገባት አይቻልም። መጠጥ እንዳታስገቢ እመክርሻለሁ፤ ለገቢሽ ትርጉም የለውም፣ ለብዙ ባለሙያ ግን ቅር ያሰኛል። ቤቱ ለገበያ መዋል መቻሉን ደግሞ የከተማውን ምክር ቤት በጽሑፍ ጠይቂ። አከራዮቹ «ችግር የለውም» ቢሉሽም ጠይቂ።

ልትፈሪው የሚገባው ቪዛ ነው። በጎብኚ ቪዛ ብሪታንያ የገባ ሰው ለሕዝብ በቀጥታ መሸጥ አይፈቀድለትም። ከኩች አንድ አታሚ አስመጥተሽ ቡዝ ላይ ብታቆሚው እሱን ነው አደጋ ላይ የምትጥዪው፤ ለሚቀጥለው ቪዛውም ይተርፋል። ስለዚህ የሚሸጡትና የሚያሳዩት እዚሁ ብሪታንያ የሚኖሩና የመሥራት መብት ያላቸው ባለሙያዎች ይሁኑ። አሉ፣ ብዙ ናቸው። የሩቆቹን ዕቃ ቀድመሽ ግዢና በስማቸው ሽጪ። ትዕዛዝ ስትሰጪ ግማሹን በቅድሚያ ክፈዪ። የፍትሐዊ ንግድ ድርጅቶች ለእጅ ሥራ የሚከተሉት መርሕ፣ ሠሪው ከጠየቀ ቢያንስ 50 በመቶውን ያለ ወለድ ማስቀደም ነው። ሸማኔ ክር የሚገዛው በዚያ ነው።

እሳትን በተመለከተ፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ በሙሉ እሳት የሚከላከል መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቅሻል። የሸክላ ኩራዝ በዘይት ማብራት አያስፈልግም፤ በባትሪ የሚበራው ይበቃል። ዕጣን የጭስ ደወሉን ያስጮኸዋል፣ ሐበሻ ቤት እንደሚያስጮኸው።

ምግብ ሦስት ሻጭ፣ ከጨርቁ ርቀው፣ መውጫው አጠገብ። እርድና ዘይት ሐር ላይ ጠብ ካለ አይለቅም። ሁሉም ሥጋ የሌለው ይሁን፤ ሂንዱም ሙስሊምም አንድ ላይ ይበላል። የእኛ የጾም ምግብ ግን እንዳይመስልሽ፤ ቅቤና ወተት አለበት፣ እንቁላል ግን ሥጋ ከማይበሉት ብዙዎቹ አይበሉም። ሻጮቹ ከመጀመራቸው 28 ቀን በፊት በምግብ ንግድ መመዝገብ አለባቸው። ሕጉ ከሚዘረዝራቸው 14 የአለርጂ ምግቦች ውስጥ ሰናፍጭ እንዳለበት ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ በዚህ ምግብ ውስጥ ደግሞ እሱ ሞልቷል። ሞጎ ይኑር። ሳምቡሳውን እነሱ ሳሞሳ ቢሉትም ያው የምታውቂው ነው፣ ሰልፉ ረጅም ይሆናል።

ሐበሻ መሆንሽ አያስወቅስሽም። የሚያስወቅሰው ብቻሽን መወሰንሽ ነው። ከሌስተር ሁለት የጨርቅ ባለሙያዎችን፣ አንድ ሂንዱ አንድ ሙስሊም ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን በክፍያ አማካሪ አድርጊ። በነጻ «ሐሳብሽን አካፍዪኝ» አትበያቸው። ከዚያ ውጭ ሐበሻነትሽ እንዲያውም ይጠቅማል። የእኛ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው፤ የጃምዳኒ ሸማኔም ልክ እንደዚያው ነው። ቤተሰብሽ ውስጥ ሸማኔ ካለ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። ወለሉን ስለማትቆፍሪው ግን ለማሳያ ከፍ ባለ እንጨት ላይ የቆመ የሽመና ዕቃ ፈልጊ።

ገንዘቡን እንዲህ አዙሪው። ለዲኮር ከአንድ አምስተኛ በላይ አትመድቢ። የቀረው ለመብራት፣ ሲሠሩ ለሚታዩት ባለሙያዎች የቀን ክፍያ፣ ለአማካሪዎቹ፣ ለኢንሹራንስና ለኢንተርኔት ይሂድ። የድሮ ፋብሪካ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ የስልክ መስመር ያፍናል። የካርድ ማሽን ካልሠራ ገዢው ጥሬ ገንዘብ ላውጣ ብሎ ይሄዳል፣ አይመለስም። ከቡዝ የምትወስጂውን ቋሚ ኪራይ ዝቅ አድርጊና ከሽያጩ 15 በመቶ ያህል ተካፈዪ። ያኔ እነሱ ካልሸጡ አንቺም አታገኚም፤ ቀጣሪዎችሽም ማስታወቂያውን ችላ አይሉትም። ዋጋውን ሠሪዋ ትቁረጥ፤ ቅናሽ እንድታደርግ የሚያስገድድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ አይግባ። የሰበሰብሽውን የካርድ ሽያጭ በሰባት ቀን ውስጥ እንደምትከፍዪ በቀን አስቀምጪ። ቀጣሪዎችሽ በ30 ቀን እንክፈል ካሉ እምቢ በይ። ባለሙያዎቹ የዲዋሊ ክራቸውን የሚገዙት በዚያ ገንዘብ ነው።